«አፕሮክሲሜት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከነምንጩ ለመረዳትና በትክክል ለመጠቀም

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማርን አብዛኞቻችን «አፕሮክሲሜት» የሚለውን ቃል የምናውቀው «ግምታዊ» በሚል ፍቺ ነው። ፍቺው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የቃሉን ዋና ሐሳብ ወደ ጎን ስለሚተው፣ በእርሱ ብቻ የሚመራ ሰው ሲያነብም፣ ሲተረጉምም፣ ሲጽፍም ደጋግሞ ይሳሳታል። ግምት የሚነሣው ካለማወቅ ነው፤ ያልቆጠረ ሰው ይገምታል። አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን በመደርደሪያዎቹ ላይ ያሉትን መጻሕፍት አንድ በአንድ ቆጥራ 1,987 መሆናቸውን ካረጋገጠች በኋላ «አፕሮክሲሜትሊ 2,000 መጻሕፍት አሉን» ብትል፣ የገመተችው አንዳች ነገር የለም። ትክክለኛውን ቁጥር እያወቀች፣ ለአድማጭ የሚቀልለውን የቅርብ ቁጥር መርጣ ተናገረች እንጂ። ቃሉ የሚናገረው ስለ ዕውቀት ማነስ ሳይሆን ስለ ቅርበት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ከሥሩ መጀመር

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። በላቲን «ፕሮፔ» ማለት «አጠገብ፣ ቅርብ» ማለት ሲሆን፣ ሲነጻጸር «ፕሮፒዩስ» ማለትም «ይበልጥ ቅርብ»፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ደግሞ «ፕሮክሲሙስ» ማለትም «ከሁሉ የቀረበ» ይሆናል። ከ«ፕሮክሲሙስ» «መቅረብ» የሚል ትርጉም ያለው «ፕሮክሲማሬ» የተባለ ግስ ወጣ፤ በዚህ ግስ ፊት «ወደ» የሚል ፍቺ ያለው «አድ» ሲገባ፣ በኋለኛው ዘመን ላቲን «ወደ አንድ ነገር መቅረብ» የሚለውን ሐሳብ የያዘው «አፕሮክሲማሬ» ተገኘ። እንግሊዝኛ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የወሰደው የዚህን ግስ «የቀረበ፣ የተጠጋ» የሚል ትርጉም ያለውን ቅርጽ፣ «አፕሮክሲማቱስ» የሚለውን ነው። እንግዲህ በቃሉ ሥር ውስጥ መገመትን የሚያመለክት ምንም ነገር የለም፤ ያለው «ወደ» እና «ከሁሉ የቀረበ» ብቻ ነው።

ይህን ማወቅ ለፊደል አጻጻፍም ይረዳል። ብዙ ተማሪዎች ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ «ፒ» የተባለውን ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፉታል። ፊደሉ የተደገመበት ምክንያት «አድ» መጨረሻው ላይ ያለው የ«ድ» ድምፅ ከተከታዩ «ፕ» ጋር ሲገናኝ ራሱ ወደ «ፕ» ስለተለወጠ ነው። ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «ተሰበረ» ብለን ወደ «ይሰበራል» ስንሻገር «ተ» ጠፍታ በምትኳ «ሰ» እንደምትጠብቀው ያለ ለውጥ ነው። «መታየት» የሚል ፍቺ ያለው «አፒር»፣ «ማመልከት» የሚል ፍቺ ያለው «አፕላይ» እና «ማጽደቅ» የሚል ፍቺ ያለው «አፕሩቭ» ሁሉ በዚሁ ምክንያት ሁለት «ፒ» አላቸው፤ አንዱን ምክንያት የያዘ ሰው አራቱንም ቃላት አይስትም።

እንግሊዝኛ ራሱም ከላቲን ሳይበደር፣ ከጥንታዊ ሥሩ የወረሰው ተመሳሳይ የሦስት ደረጃ ሰንሰለት አለው። ዛሬ ባብዛኛው በግጥምና በጥንታዊ ጽሑፍ የሚገኘው «ናይ» የሚለው ቃል «ቅርብ» ማለት ነበር፤ ዛሬ ተራ ቅጽል የመሰለን «ኒር» በመነሻው «ይበልጥ ቅርብ»፣ «ቀጣይ» የምንለው «ኔክስት» ደግሞ «ከሁሉ የቀረበ» ማለት ነበር። ቀጣይ የሆነ ነገር ከሁሉ የቀረበ ነገር ነውና የትርጉሙ ጉዞ ይገባል። «ፕሮፔ፣ ፕሮፒዩስ፣ ፕሮክሲሙስ» ከሚለው ጎን «ናይ፣ ኒር፣ ኔክስት» የሚለውን አስቀምጦ ማስታወስ፣ «አፕሮክሲሜት» የሚለውን ቃል ከ«ኒር» ጋር እንጂ ከግምት ጋር አያይዞ እንዳያስቡ ይጠብቃል።

ዘመዶቹን መለየትም ጠቃሚ ነው። «ወደ አንድ ነገር መቅረብ» ወይም «አቀራረብ» የሚል ፍቺ ያለው «አፕሮች» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እርሱም በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «ይበልጥ ቅርብ» ከሚለው ከ«ፕሮፒዩስ» ነው። «ፕሮክሲሚቲ» ቅርበት ነው። በሕግ ትምህርት «ፕሮክሲሜት» የሚባለው ምክንያት ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂነትን ለማስከተል በቂ ቅርበት ያለው ምክንያት ነው። በአካል ጥናት «ፕሮክሲማል» የሚባለው ወደ ሰውነት ማዕከል የቀረበው የአካል ክፍል ነው፤ ለምሳሌ ክርን ከእጅ አንጓ ይልቅ «ፕሮክሲማል» ነው። በአንጻሩ ድምፃቸው ብቻ የሚመሳሰል ሁለት ቃላት አሉ። «ተገቢ» የሚል ፍቺ ያለው «አፕሮፕሪየት» የመጣው «የራስ» ከሚለው «ፕሮፕሪዩስ» ከተባለ ሌላ የላቲን ቃል ሲሆን፣ «ውክልና» የሚል ፍቺ ያለው «ፕሮክሲ» ደግሞ ሌላውን ወክሎ ጉዳይን ማስፈጸምን ከሚያመለክት ረዘም ያለ ቃል አጥሮ የተገኘ ነው። ሁለቱም ከቅርበት ጋር ዝምድና የላቸውም።

የጥንቱ ትርጉም ዛሬም በሥራ ላይ ያለባቸው ቦታዎች

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የተሸከመው ትርጉም በአካል መቅረብን ወይም ማቅረብን ነበር። «ከትክክለኛው ብዙ ያልራቀ» የሚለው ዛሬ የነገሠው ትርጉም የተስፋፋው ዘግይቶ ነው፤ ሰዎች በቦታ የቀረበውን ነገር የሚገልጹበትን ቃል ለእውነት ወይም ለትክክለኛው ቁጥር ለቀረበ ሐሳብ አዋሱት። የጥንቱ ትርጉም ግን አልሞተም፤ ሁለት ሙያዎች በየዕለቱ ይሠሩበታል። እነዚህን ሁለቱን ጠጋ ብሎ መመልከት ከየትኛውም ፍቺ በላይ ቃሉን ግልጽ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው። በእንግሊዝኛ በተጻፈ የቀዶ ሕክምና መማሪያ ውስጥ ሐኪሙ የቁስሉን ጠርዞች «አፕሮክሲሜት» እንዲያደርግ ታዝዞ ይገኛል። ትእዛዙ የተከፈቱትን የቁስሉን ሁለት ጠርዞች አገናኝቶ፣ አቀራርቦ እንዲሰፋቸው ነው፤ ጠርዞቹ በሚገባ ሲገጣጠሙ ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ ጠባሳውም ያንሳል። «አፕሮክሲሜት» ማለት መገመት ነው ብሎ የያዘ ተርጓሚ ይህን ዐረፍተ ነገር «የቁስሉን ጠርዞች ይገምቱ» ብሎ ቢተረጉመው የሚያስከትለውን መደናገር ማሰብ ቀላል ነው። ትክክለኛው አማርኛ «የቁስሉን ጠርዞች ያገጣጥሙ» ወይም «ያቀራርቡ» ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ጥናት ነው። ፒተር ላዴፎግድ የተባለው የድምፀ ልሳን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 «አፕሮክሲማንት» የሚል ስያሜ ለአንድ ዓይነት ድምፆች ሰጠ። እነዚህ ድምፆች የሚፈጠሩት ሁለት የንግግር አካላት እርስ በርስ ሲቀራረቡ፣ ነገር ግን አየሩ ሲያልፍ የሚሻክር ድምፅ እስኪፈጥር ድረስ ሳይጠባበቁ ነው። አንባቢው ይህን በራሱ አፍ ሊፈትነው ይችላል። በመጀመሪያ «ፈ» የሚለውን ድምፅ ረዘም አድርጎ ይበል፤ የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ጋር ተጠግቶ አየሩ ሲሻክር ይሰማል። ቀጥሎ «ወ» ይበል፤ ከንፈሮቹ ክብ ሠርተው ይቀራረባሉ፣ ነገር ግን የሚሻክር ነገር የለም። «የ» ሲልም ምላሱ ወደ ላንቃው ይጠጋና ሳይነካው ይመለሳል። «ወ» እና «የ» እንግዲህ «አፕሮክሲማንት» ናቸው፤ በስማቸው ውስጥ ያለው ቀርቦ አለመንካት ነው። ይህ ሥዕል ለቃሉ የቁጥር ትርጉምም በትክክል ይሠራል፦ ቁጥሩ ወደ ትክክለኛው ይጠጋል፣ ግን አይነካውም።

አነባበቡ

ቃሉ ቅጽል ሲሆን መጨረሻው አጭርና የላላ ነው፤ በግእዝ ፊደል ቀረብ አድርጎ ለመጻፍ «አፕሮክሲመት» ሊባል ይችላል። ግስ ሲሆን መጨረሻው ይረዝማል፤ «አፕሮክሲሜይት» ይባላል። በሁለቱም ጊዜ ድምፁ ጠንከር የሚለው «ፕሮክ» በሚለው ላይ ነው። ተውሳከ ግሱ የቅጽሉን አነባበብ ይከተልና «አፕሮክሲመትሊ» ይሆናል፤ ስሙ «አፕሮክሲሜይሽን» ሲሆን ጥንካሬው ወደ «ሜይ» ይዛወራል። «ግምት» እና «መገመት» የሚል ፍቺ ያለው «ኤስቲሜት»፣ እንዲሁም «የተለየ» እና «መለየት» የሚል ፍቺ ያለው «ሴፓሬት» በዚሁ ሥርዓት ይሄዳሉ፦ ግሱ ይረዝማል፣ ስሙ ወይም ቅጽሉ ያጥራል። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ አንባቢው ሥራቸውን ከዐረፍተ ነገሩ መለየት አለበት።

ግሱን ሲጠቀሙ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ግሱ ብዙ ጊዜ «ወደ» የሚል ፍቺ ያለውን «ቱ» ያስከትላል፤ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ግን ያለ «ቱ» በቀጥታ ተሳቢውን መያዙ የተለመደ ነው። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ አንዱን መርጦ እስከ ጽሑፉ ፍጻሜ መጽናት ይበቃል።

ወደ አማርኛ ሲተረጎም

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ለዚህ ሐሳብ የድሃ ቋንቋ አይደለም። እንዲያውም ላቲን የተጠቀመበትን ያንኑ የመቅረብ ሥዕል በራሱ ቃላት ይዞታል። «ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች» ስንል ቁጥሩን እንደሚጠጋ አካል እናየዋለን። በሒሳብ ትምህርት ቁጥርን ወደ ቅርብ አሥር ወይም መቶ ማድረስ «ማጠጋጋት» ይባላል። ቦታንም «በአቅራቢያ» ስንል ሥሩ «ቀረበ» ነው። ይህን ሁሉ ይዘን ሳለ ለእያንዳንዱ «አፕሮክሲሜት» ያለ ልዩነት «ግምታዊ» የሚለውን መደርደር ቋንቋችንን ማባከን ነው።

ስለዚህ ተርጓሚው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ጸሐፊው ትክክለኛውን ያውቃል ወይስ አያውቅም?» የሚለውን ነው። ትክክለኛው መጠን ያልተለካ ወይም ሊለካ የማይችል ከሆነና ጸሐፊው በምክንያት ላይ ተመሥርቶ የቀረበውን ካስቀመጠ፣ «ግምታዊ» የሚለው ቃል ቦታው ነው፤ የአንድ ጥንታዊ ዕቃ የተሠራበት ዘመን «ግምታዊ ዘመን» ቢባል ያስኬዳል። ትክክለኛው ታውቆ ለአጭርነት ሲባል የተጠጋጋ ከሆነ ግን «ያህል»፣ «ገደማ» ወይም «ሲጠጋጋ» የሚሉት ይሻላሉ። በሒሳብና በሳይንስ ጽሑፍ «አፕሮክሲሜሽን» የተባለውን «ተቀራራቢ ዋጋ» ማለት ግልጽ ነው። ግሱ «ወደ አንድ ነገር በጠባይ መመሳሰል» ማለት ሲሆን ደግሞ «ይቀራረባል» ወይም «ይጠጋል» ይበቃል፤ አንድ የኮምፒውተር ሞዴል እውነተኛውን የአየር ጠባይ «አፕሮክሲሜት» ያደርጋል ሲባል ሞዴሉ ይገምታል ማለት ሳይሆን ከእውነተኛው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል ማለት ነው።

በአማርኛዎቹ ቃላት መካከልም ልዩነት አለ። «ያህል» ለሚቆጠርና ለሚለካ ነገር ሁሉ ይስማማል፦ 200 ሰዎች ያህል፣ 5 ሊትር ያህል። «ገደማ» እና «አካባቢ» በጊዜ ላይ ይበልጥ ያምራሉ፦ በ3 ሰዓት ገደማ፣ በ1900 አካባቢ። «ወደ 200 የሚጠጉ» የሚለው ደግሞ በእኔ ጆሮ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ቁጥርን ያሰማል፤ 197 ሰዎችን ለመግለጽ ይመቸኛል፣ 204 ሰዎችን ለመግለጽ ግን አይመቸኝም። እንግሊዝኛው «አፕሮክሲሜትሊ» በላይም በታችም ሊሆን ስለሚችል፣ አቅጣጫው በማይታወቅበት ጊዜ «ያህል» የሚለውን መምረጥ የበለጠ ታማኝ ትርጉም ይመስለኛል።

ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ያጋጥማሉ። አንደኛው «አፕሮክሲሜት» የሚለውን «አማካይ» ብሎ መተርጎም ነው። አማካይ በመደመርና በማካፈል የሚገኝ የተወሰነ ውጤት ሲሆን ፍጹም ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ የ4፣ የ6 እና የ8 አማካይ በትክክል 6 ነው እንጂ ወደ 6 የሚጠጋ አይደለም። ሁለተኛው መደራረብ ነው። «በግምት ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ያህል» የሚለው ዓይነት አነጋገር በዜናም በዘገባም ተለምዷል፤ አንዱ ቃል የሚበቃውን ሥራ ሦስቱ ይሻሙበታል፣ አንባቢውም ቁጥሩ ሦስት ጊዜ የተጠረጠረ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛም «አፕሮክሲሜትሊ» እና «አባውት» ጎን ለጎን አይቆሙም። «ከ20 እስከ 30» ከተባለም በኋላ በፊቱ «አፕሮክሲሜትሊ» መጨመር አያስፈልግም፤ ወሰኑ ራሱ ቁጥሩ እንዳልተቆረጠ ተናግሯል።

ከእንግሊዝኛ ጎረቤቶቹ መለየት

«ኒርሊ» እና «ኦልሞስት» ሁልጊዜ ከታች ናቸው። «ኒርሊ 100» የተባለ ነገር 100 አልሞላም፤ 103 ሆኖ ከተገኘ ተናጋሪው ተሳስቷል። «አፕሮክሲሜትሊ 100» ግን 97ም 103ም ሊሆን ይችላል። በፈተና ውጤት፣ በገንዘብና በመድኃኒት መጠን ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ስለዚህ «ኒርሊ» የሚለውን «ሊሞላ ጥቂት የቀረው» ወይም «ለማለት ይቻላል» በሚለው፣ «አፕሮክሲሜትሊ» የሚለውን ደግሞ «ያህል» በሚለው መለየት ይገባል።

«አባውት» እና «አራውንድ» በትርጉም ከ«አፕሮክሲሜትሊ» ጋር አንድ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የአነጋገር ደረጃ ነው። በደብዳቤና በወግ «አባውት» ቀላልና ጥሩ ነው፤ «አፕሮክሲሜትሊ» በሳይንስ፣ በሕግና በቴክኒክ ጽሑፍ ይስማማል፣ አንባቢውም ጸሐፊው ለቅርበቱ ኀላፊነት እንደወሰደ ይረዳዋል። «ረፍሊ» ከዚህ የላላ ነው፤ በግርድፉ የተባለ ነገር ብዙ ሊርቅም ይችላል። «ሰርካ» ከላቲን «ዙሪያ» የመጣ ሲሆን ባብዛኛው ለታሪክ ዓመታት ብቻ ይውላል። «ኤስቲሜት» ግን ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደለም፤ ሥሩ በላቲን ዋጋ መተመንን የሚያመለክተው «ኤስቲማሬ» ነው። ግምት ማለት በእውነት እርሱ ነው። ግምት የሚሠራው ሰው ያልተገለጠውን ለማግኘት ይሞክራል፤ ቁጥር የሚያጠጋጋ ሰው ግን የተገለጠውን ያቀልላል።

ተቃራኒ የሚመስሉት ሦስት ቃላትም ከየሥራቸው ሲታዩ አንድ አይደሉም። «ኤግዛክት» የመጣው መዝኖ ከመጠየቅ ወይም ከመቀበል ሐሳብ፣ «ፕሪሳይስ» ቆርጦ ከማሳጠር ሐሳብ፣ «አኪዩሬት» ደግሞ ተጠንቅቆ ከመሥራት ሐሳብ ነው። «አፕሮክሲሜት» የ«ኤግዛክት» ተቃራኒ ነው፤ የ«አኪዩሬት» ተቃራኒ ግን አይደለም። በጥንቃቄ የተሠራ ተቀራራቢ ዋጋ «አኪዩሬት» ሊባል ይችላል።

ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ መናገር

ቃሉ ቅርበትን እንጂ የቅርበቱን ልክ አይናገርም። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ የሚጨምረው ይህንኑ ልክ ነው። በዚህ ረገድ ከክብ ዙሪያና ከዲያሜትሩ ንጽጽር፣ ከፓይ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ፓይ 3.141592 ብሎ ጀምሮ የማያልቅና የማይደጋገም አሥርዮሽ ስለሆነ፣ በቁጥር የሚጽፈው ሁሉ ተቀራራቢውን ከመጻፍ በቀር ምርጫ የለውም። በትምህርት ቤት የምናውቀው 22/7 ሲካፈል 3.142857 ይሆናል፤ ከፓይ በ0.0013 ያህል ይበልጣል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቻይናዊ የሒሳብ ሊቅ ዙ ቾንግዢ ያገኘው 355/113 ግን ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ ትክክል ነው። ሁለቱም «አፕሮክሲሜሽን» ይባላሉ፤ አንዱ ግን ከሌላው እጅግ የቀረበ ነው፣ ቃሉ ብቻውንም ይህን አይነግረንም።

ከሁሉ የሚበልጠው የአርኪሜዲስ አሠራር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ሊቅ 96 ጎን ያላቸውን ቅርጾች ከክቡ ውስጥና ከክቡ ውጭ በማስላት፣ ፓይ ከ3 ከ1/7 እንደሚያንስና ከ3 ከ10/71 እንደሚበልጥ አረጋገጠ። አንድ ተቀራራቢ ቁጥር ሰጥቶ አላቆመም፤ እውነተኛው የሚገኝበትን አጥር ከሁለት በኩል አጠረ። ይህን ምሳሌ የሚከተል ጸሐፊ «አፕሮክሲሜትሊ 50 ኪሎ ግራም» ከማለት ይልቅ «ከ48 እስከ 52 ኪሎ ግራም» ማለት በሚችልበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ማለት አለበት።

በሒሳብ ጽሑፍ ይህ ቅርበት የሚታወቅበት ምልክት ሁለት ሞገድ መሰል መስመሮች ሲደራረቡ የሚሠሩት ≈ ነው፤ ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1892 የተጠቀመበት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ግሪንሂል ነው። የእኩል ምልክትን በዚህ ፈንታ መጻፍ ከቃሉ አንጻር ስሕተት ነው፤ ፓይ ከ3.14 ጋር አይተካከልም፣ ይቀራረባል እንጂ።

ቁጥሩ ራሱ ከቃሉ ጋር መስማማት እንዳለበትም መዘንጋት አይገባም። «አፕሮክሲሜትሊ 37.482 ኪሎ ሜትር» የሚል ጸሐፊ በአንድ እጁ እስከ ሜትር ድረስ መለካቱን እያስታወቀ፣ በሌላ እጁ አለመለካቱን ይናገራል። ተርጓሚዎች በዚህ ወጥመድ የሚያዙት መለኪያ ሲቀይሩ ነው። ምንጩ «አፕሮክሲሜትሊ 10 ማይል» ካለ፣ የሒሳብ መሣሪያው 16.09 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ይህን እንዳለ የሚያሰፍር ሰው ዋናው ጸሐፊ ያላለውን ጥራት ጨምሮበታል። «16 ኪሎ ሜትር ያህል» ብሎ መተው ነው ታማኝነቱ። በሌላ በኩል በስምምነት የተወሰነ ነገር ላይ ቃሉን መጨመር ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሜትር እንደገና ሲበየን የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ በትክክል 299,792,458 ሜትር እንዲሆን ተወስኗል፤ በዚህ ቁጥር ፊት «አፕሮክሲሜትሊ» ቦታ የለውም። 300,000 ኪሎ ሜትር ሲባል ግን ቃሉ የግድ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ከ0.1 በመቶ በታች ስለሆነ ለአብዛኛው ሥራ ቅርበቱ ከበቂ በላይ ነው።

«ከበቂ በላይ» ያልሁት በምክንያት ነው፤ ቅርበት የሚበቃው ለተፈለገበት ሥራና ለተፈለገበት ዘመን ብቻ ነው። የጁልየስ አቆጣጠር ዓመትን 365.25 ቀን አድርጎ ወሰደ፤ ፀሐይን የሚከተለው ዓመት ግን 365.2422 ቀን ያህል ነው። ልዩነቱ በዓመት 11 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በአንድ ሰው ዕድሜ አይታይም፤ በ128 ዓመት ግን አንድ ቀን ያህል ይሞላል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1582 ሲታወጅ ከቀን መቁጠሪያው 10 ቀናት የተዘለሉት የተጠራቀመውን ይህን ልዩነት ለማረም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ያልተፈታ ነገር ይቀራል። በእንግሊዝኛ «በጣም» የሚል ፍቺ ያለው «ቬሪ» ከ«አፕሮክሲሜት» ፊት ሲገባ፣ ሥሩን ተከትለን ከሄድን «እጅግ የቀረበ» ማለት ሊሆን በተገባው ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ተናጋሪ በዚህ ሐረግ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ፣ «እጅግ ግርድፍ፣ ብዙ ሊርቅ የሚችል» የሚለውን ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ያደሩት ሁለቱ ስሜቶች፣ መቅረብና አለመድረስ፣ በዚህ ሐረግ ይጋጫሉ። ሐረጉን በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ያገኘ ተርጓሚ ከዙሪያው ያለውን ሐሳብ አንብቦ ከሁለቱ የትኛው እንደታሰበ መለየት አለበት፤ ባብዛኛው «በግርድፉ ሲታይ» የሚለው ይስማማል። ራሱ የሚጽፍ ሰው ግን ሐረጉን ትቶ፣ ቅርብ ከሆነ «ቅርብ» ብሎ፣ ሩቅ ከሆነ ከስንት እስከ ስንት ሊርቅ እንደሚችል በቁጥር ይጻፍ።